የኔታ ለእንግዳ ሲነሡ

ልብ ደምን ወደ እግር እንደምትገፋ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ልብን በቀይ ጠመኔ እስላለሁ፣ ከሷ የሚወርደውን መንገድ በነጭ አሰምራለሁ፣ ቀስቶቹንም አንድ በአንድ እያመለከትሁ ተማሪዎቹን አስደግማለሁ። ደሙ ከእግር ጣት ወደ ላይ ሲመለስ ግን ማን እንደሚገፋው አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ያመጣብኝ የአጎቴ ሕመም ነው።

አጎቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ዘመዱም ጎረቤቱም ተማሪውም «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ፊደል የቆጠርሁት በሳቸው ደጅ ስለሆነ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማህሌት ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው። ከጉልበታቸው በታች የደም ሥራቸው እየተጠማዘዘ እንደ ሐረግ ወጥቶ ነበር። ቡአም ነበረባቸው፤ በመቀነት ጠፍረው ይይዙትና ማንም ሳያውቅባቸው ይቆማሉ። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ግን ቀና ማለት አቃታቸው። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ሐኪም ቤት መሄድ ለጎንደር ሰው ብርቅ አልነበረም፤ ለየኔታ ግን ብርቅ ነበር። ከሚስታቸው ጋር ሆነን በብዙ ልመና ወሰድናቸው። ፈረንጁ ሐኪም ኦፕራሲዮን አደረጋቸው፤ እኛም መከራው አለፈ ብለን አመሰገንን።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስሄድ ድሬሰሩ በር ላይ ያዘኝ። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ የፈረንጁን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልሰው እሱ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ብዙም አይበልጥም።

«አጎትህን አስነሣልኝ» አለኝ። «እሳቸው አልነሣም ብለዋል፤ ሚስታቸውም አላስነካም ብለውኛል።»

ትናንት ሆዱ የተሰፋ ሰው ዛሬ ስለምን እንደሚነሣ ጠየቅሁት። መልሱን በቃል አልሰጠኝም። ከየኔታ ቀጥሎ ወዳለው አልጋ ወስዶ ብርድ ልብሱን ከግርጌ በኩል ገለጠልኝ። የተኙት ሰው የእንፍራንዝ ገበሬ ናቸው። እንደ የኔታ ሆዳቸውን ተከፍተው፣ ቁስሉ ይድናል እያሉ ሳይነሡ ብዙ ጊዜ ተኝተዋል። ቁስሉ ድኗል፤ ግራ እግራቸው ግን ከባቱ ጀምሮ አብጦ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ቀኙ እግር አጠገቡ ሲታይ የሌላ ሰው ይመስላል።

«እይ መምህር፣ አንደኛው እግሬ ሀብታም አግብቷል» አሉኝ።

ድሬሰሩ ወደ ውጭ አውጥቶ ነገሩን አስረዳኝ። እኔ ደግሞ ማብራሪያ እወዳለሁ፤ ደብተሮቼን በብብቴ ይዤ ቆሜ ሰማሁት። ልብ ደሙን ወደ ታች ትሰደዋለች፤ ሽቅብ ለመመለስ ግን የባት ሥጋ ያግዘዋል። ሰው በተራመደ ቁጥር ባቱ ይኮማተርና የደም ሥሩን ይጨምቀዋል። በሥሩ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ መዝጊያዎች ስላሉ የተጨመቀው ደም ተመልሶ አይወርድም። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ግን ጨማቂው ሥራ ይፈታል፤ ደሙ ይዘገያል፣ እንደ ተቀመጠ ወተትም ይረጋል። ሰውነቱ የተቆረጠ ሰው ደም ደግሞ ቁስል ለመድፈን ስለተዘጋጀ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ለመርጋት ይቸኩላል። ዕድሜ ሲጨመርበት፣ የእግር ሥርም እንደ የኔታ ሲጠማዘዝ ይብስበታል።

«እኔን የሚያስፈራኝ እብጠቱ አይደለም» አለ ድሬሰሩ። «የረጋው ደም ተቆርጦ ሽቅብ ከሄደ ሳንባ ላይ ይቀረቀራል። ሰውየው ሲያወራህ ቆይቶ ድንገት ዝም ይላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ መናገር ሲጀምሩ፣ የጀመሩትን እስኪጨርሱ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር።

ያዘዘልን ነገር ከባድ አልነበረም። በቀን ደጋግመው ከአልጋ ይውረዱ፣ ትንሽም ቢሆን ይራመዱ። ተኝተው ሳሉ የእግራቸውን ጫፍ ወደ ራሳቸው ይሳቡ፣ መልሰው ይግፉ። ውሃ ይጠጡ። ሲቀመጡ እግራቸውን አጥፈው ከሥራቸው አያድርጉ። ከዚህ ሁሉ አንዱም አልሆነልንም። ውሃ ከጠጡ ወደ ውጭ መውጣት ይመጣል፤ ያን ሁሉ ጠያቂ አቋርጦ ሽንት ቤት መሄድ ለየኔታ ነውር ነው። እግራቸውን ወዲያ ወዲህ ማድረጉም የልጅ ሥራ ሆነባቸው። እትየ የምላቸው ሚስታቸው ደግሞ ከራስጌ ተቀምጠው እንደ ዘበኛ ይጠብቋቸዋል።

«ሆዱ የተሰፋ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ የት አይተሃል?» አሉኝ እትየ። «ስፌቱ ቢፈታ አንተ በጠመኔ ልትደፍነው ነው?»

ያልገባ ነገር በምሳሌ ይገባል ብዬ በማግሥቱ ከብስክሌት ውስጠኛ ጎማ የተቆረጠ ካላማዳሪያ ይዤ መጣሁ። አንዱን ጫፍ አስሬ ውሃ ሞላሁበትና፣ እጄ ባት ነው፣ ጎማው የደም ሥር ነው ብዬ ጨመቅሁት። ውሃው እንዳሰብሁት ሽቅብ ወጣ፤ ካሰብሁትም በላይ ወጣና የየኔታን ጋቢ አራሰው። የእንፍራንዙ ሰው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ምነው መምህር፣ ሽንት ቤት አልሄድም ቢሉህ አልጋው ድረስ አመጣህላቸው?»

የኔታ አልሳቁም። ካላማዳሪያውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ጨመቅ ለቀቅ አደረጉት፣ አገላብጠውም አዩት። ከዚያ በጉባኤ መከራከር የለመደ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቁኝ። «ጎረቤቴን አይንቀሳቀሱ ትሏቸዋላችሁ፤ እኔን ይነሡ ትሉኛላችሁ። በሽታው አንድ ከሆነ መድኃኒቱ ስለምን ተለያየ?»

እውነትም የእንፍራንዙ ሰው እግራቸው በትራስ ከፍ ተደርጎ ከአልጋ እንዳይወርዱ ታዘው ነበር። እኔ ይህን ልብ አላልሁትም። ወደ ድሬሰሩ ሄጄ ጥያቄውን እንዳለ አቀረብሁለት። ደሙ ሳይረጋና ከረጋ በኋላ አንድ አይደለም አለኝ። ሳይረጋ መንቀሳቀስ እንዳይረጋ ያደርገዋል፤ ከረጋ በኋላ ግን እንቅስቃሴው የረጋውን እንዳይቆርጠው ይፈራል። ያኔ የሚታመነው እንዲያ ነበር፤ ሐኪሞች ኋላ በዚህ ነገር ሐሳባቸውን እንደለወጡ ሰምቻለሁ። መልሱን ለየኔታ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸጋ መልስ ነው አሉና ተመልሰው ተኙ።

ሌላም ሞከርሁ። በዝማሜ ጊዜ እግር እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወርድ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ታዲያ አልጋ ላይ ሆነው እግራቸውን በዜማው ልክ ቢያንቀሳቅሱ አልኋቸው። ይህን ስል ፊታቸው ተለወጠ። ዝማሜ የእግዚአብሔር ምስጋና እንጂ የባት መታሻ እንዳልሆነ ነገሩኝና ሁለተኛ እንዳላነሣባቸው አስጠነቀቁኝ።

መላው የተገኘልኝ ክፍሌ ውስጥ ነው። ጠዋት ስገባ ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ። እኔም እንደ ልማዴ ተቀመጡ ልል አፌን ከፈትሁና ሳልናገር ቆምሁ። እነሱም ቆመው ቀሩ። ያን ሁሉ እግር ያስነሣው የኔ መግባት ነው፤ የሚያስቀምጠው ደግሞ የኔ ቃል ነው።

ሐኪም ቤት በሄድሁ ቁጥር ይህንኑ ሳየው ከርሜ ነበር። ጎንደር ውስጥ ለአንድ በሽተኛ ጠያቂ በብዛት ነው የሚመጣ፤ ካህናቱ፣ ደቀ መዛሙርቱ፣ የጎረቤት ሴቶች ከጠዋት ጀምረው ይጎርፋሉ። ሰው በበሩ ብቅ ሲል የኔታ በክርናቸው ተደግፈው ለመነሣት ይሞክሩና «ኖር» ይላሉ። ጠያቂው ሮጦ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ ትከሻቸውን ይዞ መልሶ ያስተኛቸዋል። ሲወጣም ሊሸኙት ይቃጣሉ፤ እሱ ደግሞ እዚሁ ይቅሩ ብሎ ይማጸናል። የኔታ ለሐኪም አይነሡም፣ ለኔም አይነሡም። ለእንግዳ ግን ቀኑን ሙሉ ሊነሡ ሲታገሉ ይውላሉ፤ የሚያስተኛቸው የኛው ጨዋነት ነው።

ከሁሉ በፊት የደብራቸውን አለቃ ማሳመን እንዳለብኝ አሰብሁ፤ አለቃው ካደረጉት ሌላው ይከተላል። ሊጠይቁ ሲመጡ ከግቢው በር ላይ ጠብቄ ጫማ ሳምሁና ልመናዬን ነገርኋቸው። የኔታ ኖር ሲሉ በእግዜር እንዳይሉ፣ ዝም ብለው ቆመው እንዲጠብቋቸው፣ ሲወጡም የኔታ ሊሸኟቸው ሲነሡ እንዳይከለክሉ።

«በሽተኛ አስነሥቼ ልቀመጥ ነው የምትለኝ?»

«አይቀመጡም። እንደ ቆሙ ጠይቀዋቸው ይወጣሉ።»

«የኔታ ያስተማሩህ ይህን ነው?»

ከኪሴ ካላማዳሪያውን አወጣሁ። ውሃ ባይኖረውም በባዶው እየጨመቅሁ አስረዳኋቸው። አለቃው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ሰምተውም ዝም አላሉም። እንግዲያውስ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ካህን ደሙ አይረጋም ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቆሞ መድረቅና ቆሞ መዝመም አንድ እንዳልሆነ፣ ሳይንቀሳቀሱ ብዙ መቆምም የእግር ሥርን እንደሚጎዳ ነገርኋቸው። ቁልቁል የገዛ እግራቸውን ተመለከቱ። ከዚያ «ነውሩ ባንተ ይሁን» አሉኝና ወደ ውስጥ ገቡ።

የኔታ አለቃቸውን ባዩ ጊዜ በክርናቸው ተደግፈው «ኖር» አሉ። አለቃው በሩ አጠገብ ቆሙ። የኔታ የለመዱትን ቃል ጠበቁ፤ ቃሉ አልመጣም። አለቃው ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እትየ አንዴ እኔን፣ አንዴ አለቃውን ያያሉ። የኔታ እግራቸውን ወደ መሬት አወረዱ፣ የአልጋውን ብረት ያዙ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ። አለቃው ሲወጡም እስከ በሩ ሸኟቸው። ስፌቱ አልተፈታም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ በር ላይ ቆሞ ጠያቂን መለመን ሆነ። እኔ ሳስተምር የምውልበትን ሰዓት ድሬሰሩ ይተካልኛል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዲት ጎረቤት እንዲህ ከሆነስ አልገባም ብላ ያመጣችውን በኔ እጅ ልካ ተመልሳለች። የኔታ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይነሣሉ፣ ይራመዳሉ። ውሃም መጠጣት ጀመሩ፤ ተነሥተው እንግዳ ከሸኙ አይቀር እግረ መንገዳቸውን ውጭ ደርሰው መመለስ ነውር አልመሰላቸውም። እኔ ምሳሌዬ ባይሠራም መላዬ ሠራ ብዬ ረክቼ ነበር። ያላየሁት ነገር፣ የኔታ ከቀን ወደ ቀን ንግግር እየቀነሱ መምጣታቸውን ነው።

በቅዳሜ ገበያ ቀን የድሮ ተማሪዎቻቸው ከትክል ድንጋይ ከተማ ድረስ በእግራቸው መጡ። እንደ ሌላው ሁሉ በር ላይ ለምኛቸው ገቡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። የኔታ ትራሱን ሳይለቁ «ኖር» አሉ፤ ቆይተውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ጥቂት ቆሙና መሬት ስመው ወጡ። ያን ያህል መንገድ ለመጣ ሰው አልተነሡም፣ አልሸኙም።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የኔታ ከግድግዳው ሳይመለሱ ተናገሩ። ሰው ማለቁን የሚያውቀው ከሰላምታው ነው አሉ። አለቃው እንኳ በእግዜር አላሏቸውም፤ መቆም የተሳነው ሰው ሲንገዳገድ ሊያዩ ፈለጉ። ይህ የሚሆነው የመምህርነት ቦታቸው ለሌላ ሲሰጥ ነው፤ ሁሉም አውቆ እሳቸው ብቻ አላወቁም። ይህን ካሉ በኋላ እንደ ቀላል ነገር «ባቴንም ይጠዘጥዘኛል» አሉኝ።

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ማድረግ ነበረብኝ። እትየን ወደ ድሬሰሩ ላክሁና ለየኔታ ሁሉንም አወጣሁት፤ ክፍሌ ውስጥ የመጣልኝን ሐሳብ፣ የግቢውን በር፣ አለቃው ያሉኝን፣ ጎረቤቲቱ ተቆጥታ መመለሷን፣ አንድም ሰው ቦታቸውን ለሌላ እንዳልሰጠ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ነገርሁዎት እኮ የኔታ። ካላማዳሪያ ይዤ መጥቼም አሳየሁዎት።»

«ካላማዳሪያውንስ አየሁት። ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ አላልኸኝም።»

እውነት ነው፣ መዝጊያዎቹን ነግሬአቸዋለሁ፣ ወተቱን ነግሬአቸዋለሁ፤ የፈራሁትን አልነገርኋቸውም። የእንፍራንዙ ሰው ወደዚያ ዞረው የተኙ መሰሉ።

ድሬሰሩ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ እየሮጠ መጣ። ሁለቱንም ባት ለካ፤ ልዩነት የለም። በመዳፉ ዳበሰ፤ ትኩሳት የለም። የእግራቸውን ጫፍ ወደ ላይ ገፍቶ ሕመሙ የት እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው፤ ሁለቱንም ባት እኩል ነው የሚጠዘጥዘኝ አሉ። ድሬሰሩ ያን ጊዜ ተነፈሰ። አንዱ ብቻ ቢሆን ይሠጋ ነበር፤ ይህ ግን ተኝቶ የሰነበተ ሥጋ መሥራት ሲጀምር የሚያመው ሕመም ነው አለ። ቢሆንም ማታ ሌላ ጊዜ እንደሚለካ፣ ካበጠ ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ሳይውል ሳያድር እንድንጠራው አስጠነቀቀን።

የኔታ እግራቸውን አወረዱ። «የትክል ድንጋይ ልጆች ርቀው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ግቢው በር ላይ ውሃ ሲጠጡ እንዳየኋቸው ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን ጠየቁ። ይህን ጊዜ እትየ ሆዱ የተሰፋ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ የት ታይቷል አላሉም፤ ጋቢውን ራሳቸው አለበሷቸውና በግራ በኩል ያዟቸው። ያለ እረፍት መድረስ ስላልቻሉ መንገድ ላይ ቆም እያሉ ሄዱ። ልጆቹ ሲያዩዋቸው ደነገጡ፣ ሮጠውም መጡ፣ አንደኛው ከልማዱ ተሳስቶ «በእግዜር» ብሎ ጮኸ። የኔታ ሁሉንም አንድ በአንድ ስመው ሸኟቸው።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ መቆሜን ተውሁ። ጠያቂው እንደ ፈቀደው ይላል፤ የኔታም በእግዜር ቢሏቸው ባይሏቸው ይነሣሉ። ሜትሩም በየቀኑ ሁለቱ ባት እኩል መሆናቸውን ያሳያል።

የሚወጡ ዕለት ፈረንጁ ሐኪም ራሱ መጥቶ እግራቸውን ዳበሰና ይሂዱ አለ። እትየ በቅሎ አስጭነው አስመጥተው ነበር። ድሬሰሩ የኔታ የተሰፋ ሆድ ይዘው በቅሎ ላይ እግር አንጠልጥለው መቀመጣቸውን አልወደደውም፤ እትየ ደግሞ የኔታ በእግራቸው ሲያዘግሙ የሰፈር ሰው እንዲያያቸው አልወደዱም። ሁለቱ ሲከራከሩ የኔታ የእንፍራንዙን ሰው ተሰናበቱ። ያበጠው እግር ጎድሎላቸው አልጋው ዳር መቀመጥ ተፈቅዶላቸው ነበር። ምን ተባባሉ እንደሆነ አልሰማሁም፤ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

የኔታ ሲወጡ የክርክሩን መጨረሻ አልጠበቁም፤ በቅሎዋን አልፈው መንገዱን ያዙ። ወደ ቤት የምታደርስ አጭር መንገድ ናት፤ ያን ዕለት ግን ሰላም የሚላቸው ሁሉ እያቆማቸው ረፋዱን ሁሉ ፈጀች። እኔ በቅሎዋን እየሳብሁ ከፊት ሄድሁ። ኮርቻው ባዶ ነው። ዞር ባልሁ ቁጥር የማየው እትየን ነው፤ ከኋላቸው ይከተላሉ፣ ሰው ሲያናግራቸው አይሰሙም፣ ዓይናቸው ከየኔታ ተረከዝ ላይ አይነሣም።